ሐሰተኛ የወታደር ቀበቶ ዘለበቶችና መለያቸው

የወታደር ቀበቶ ዘለበት ከአሮጌ የጦር ዕቃዎች መካከል ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው አንዱ ነው፤ ብዙ ማጭበርበር ከሚፈጸምባቸውም አንዱ ነው። ዘለበት ትንሽ ነው፣ በኪስ ይያዛል፣ ከሰይፍና ከጠመንጃ ይልቅ አስመስሎ ለመሥራት ይቀላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወታደሩ በወገቡ ታጥቆት የዘመተ ዕቃ በመሆኑ የባለቤቱን ታሪክ ይዞ የመጣ ይመስላል፤ ገዢም ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚያወጣው ለናሱ ሳይሆን ለዚህ ታሪክ ነው። ይህ ዳሰሳ በዋናነት የሚመለከተው ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት የተሠሩትን ዘለበቶችና በስማቸው የሚሸጡትን አስመሳዮች ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በገበያው ውስጥ «ፎርጅድ» የሚለው ቃል ያለ ልዩነት ለሁሉም ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ቢያንስ አራት ዓይነት ዕቃዎችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው በቅንነት የተሠራ ቅጂ ሲሆን፣ የጦርነቱ መቶኛ ዓመት ከ1961 እስከ 1965 በተከበረበት ጊዜ የጥንት ወታደር ለብሰው ውጊያውን በትዕይንት ለሚደግሙ ሰዎች በብዛት ተሠርቷል። እነዚህ ቅጂዎች ሲሠሩ ማንንም ለማታለል ታስበው አልነበረም፤ ዛሬ ግን ስድሳ ዓመት አልፏቸው፣ ናሳቸው ጠቁሮ፣ የሠሪውንና የመጀመሪያውን ገዢ ስም የሚያውቅ ሳይኖር ከአያት የተወረሰ ቅርስ ተብለው ይቀርባሉ። ሁለተኛው ከመነሻው ለማታለል የተሠራ ነው። ሦስተኛው በታሪክ ፈጽሞ ያልነበረ ዘለበት በምናብ ተፈጥሮ ጥንታዊ ነው የተባለበት ነው። አራተኛው ደግሞ ራሱ ዕቃው እውነተኛ ሆኖ ዘመኑ የተሳሳተ ነው።

የሰሜኑ ጦር ተራ ወታደር በ1839 የወጣውን ሞላላ ዘለበት ይታጠቅ ነበር፤ በፊቱ ላይ «ዩ ኤስ» የሚሉት፣ ዩናይትድ ስቴትስን የሚወክሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ጎልተው ይታያሉ። ትልቁ ዓይነት ወርዱ 9 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። አሠራሩን ማወቅ የመለየቱ ሥራ መሠረት ነው። ስስ የናስ ቆርቆሮ ቅርጹ በተቀረጸበት ብረት በኃይል ተመትቶ ፊቱ ይወጣል፤ ከኋላ ጎድጎድ ብሎ የሚቀረው ቦታ በቀለጠ እርሳስ፣ ማለትም ጥይት በሚሠራበት ከባድና ለስላሳ ብረት ይሞላል፤ እርሳሱ ሳይረጋ መንጠቆዎቹ ይተከሉበታል። የቀበቶው ዘለበት በአንድ ወገን ከቆዳው ጋር የሚያያዙ ሁለት አጫጭር ባለ ሰፊ ራስ ችንካሮች፣ በሌላው ወገን ደግሞ መንጠቆ አለው። በጥይት ሳጥኑ ክዳን ላይ የሚለጠፈው ተመሳሳይ ሞላላ ሰሌዳ ግን መንጠቆ የለውም፤ ከኋላው ያሉት የሽቦ ቀለበቶች ናቸው። ስለዚህ በቀበቶ ዘለበት ስም በቀረበ ዕቃ ጀርባ ላይ በመንጠቆዎቹ ዙሪያ ያለው እርሳስ ከቀሪው የተለየ ወዝ ካለው፣ ወይም እንደገና የቀለጠ መስሎ ከታየ፣ ሽቦው ተነቅሎ መንጠቆ ተተክሎበት ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል።

ልምድ ያላቸው ሰብሳቢዎች ዘለበት ሲሰጣቸው ወዲያው ገልብጠው የሚያዩት ለዚህ ነው። አስመሳዩ ትኩረቱንና ጊዜውን የሚያጠፋው ገዢው በሚያየው ፊት ላይ ነው፤ ጀርባው ግን የአሠራሩን ሂደት ይዞ ይቀራል። ከአንድ ተኩል ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ እርሳስ ደብዛዛ ግራጫ ይሆናል፣ መሬት ውስጥ የከረመ ከሆነም ነጣ ያለ ቅርፊት ያበጃል። አዲስ የፈሰሰ እርሳስ በአንጻሩ ያብለጨልጫል፣ ወይም በኬሚካል ጠቁሮ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀለም ይይዛል። በእርሳስ ፋንታ የዛሬ ማጣበቂያ ወይም ፕላስቲክ የተሞላበት ደግሞ ክብደቱ ብቻ ያሳብቅበታል።

ከእውነተኛ ዘለበት ላይ ቅርጽ ወስዶ ናስ አቅልጦ ማፍሰስ በጣም የተለመደው የማስመሰያ መንገድ ነው። ይህ መንገድ የሚተወው ምልክት በመለኪያ ይገኛል። የቀለጠ ናስ ሲቀዘቅዝ ከመቶ አንድ ተኩል ገደማ ይኮማተራል፤ በመሆኑም ከእውነተኛው የተወሰደው ቅጂ በሁሉም አቅጣጫ ከእናቱ ያንሳል። ወርዱ 9 ሳንቲ ሜትር በሆነ ዘለበት ላይ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ ዓይን ላያየው ቢችልም ካሊፐር የተባለው ጥቃቅን ልዩነት የሚለካ መሣሪያ ያገኘዋል። የቅጂ ቅጂ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ይደራረባል። በማጉያ መነጽር ሲታይ የፊደላቱ ጠርዝ የደነዘዘ ይሆናል፣ በፊደላቱና በመደቡ መጋጠሚያ ላይ ጋዝ የፈጠራቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ፣ በዳሩ ላይም ሁለቱ የቅርጽ ግማሾች የተገጠሙበት መስመር ወይም ያንን ለማጥፋት የተሞረደበት ፈለግ ይገኛል። በኃይል ተመትቶ የተሠራ ዘለበት እነዚህ አንዳቸውም ሊኖሩበት አይገባም።

ነገር ግን ይህን ሕግ ይዞ ወደ ደቡቡ ጦር ዘለበቶች መሄድ ከባድ ስሕተት ላይ ይጥላል። ኮንፌዴሬሽኑ፣ ማለትም የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች መንግሥት፣ ፋብሪካ አጥሮት ነበር፤ መዳብም ለመድፍ ይፈለግ ነበር። ስለዚህ ብዙ ወታደሮቹ ምንም ጽሑፍ የሌለው ተራ ክፈፍ ዘለበት ታጠቁ፣ ሌሎችም ከሰሜኑ ጦር የማረኩትን ለበሱ። የኮንፌዴሬሽኑ ስም ምሕጻር የሆነው «ሲ ኤስ» ወይም «ሲ ኤስ ኤ» የተጻፈባቸው ዘለበቶች በትናንሽ ወርክሾፖች የተሠሩ ሲሆን፣ ብዙዎቹ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ፈስሰው በእጅ ሞረድ የተጠናቀቁ ናቸው። መንጠቆዎቹም በብዙዎቹ ላይ ከሰሌዳው ጋር አብረው የፈሰሱ ናቸው። ስለሆነም በሰሜን ዘለበት ላይ ወንጀል የሚሆነው የማፍሰስ ምልክት በደቡብ ዘለበት ላይ የሚጠበቅ ነገር ነው። ከእውነተኞቹ የተረፉት ጥቂት በመሆናቸው ዋጋቸው ከፍተኛ ነው፤ ዋጋው ደግሞ አስመሳዩን ይስባል። በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ እዚህ ከተነሡት ዘለበቶች ሁሉ ጀማሪ ፈጽሞ ብቻውን ሊገዛው የማይገባው የደቡብ ዘለበት ነው። የሚያዋጣው መንገድ አንድ ነው። ዕቃውን እውነተኛነቱ ከተረጋገጠ የዚያው ወርክሾፕ ሥራ ጎን አስቀምጦ የፊደሉን አጣጣል፣ የመንጠቆውን አጎባበጥና የጀርባውን አጨራረስ ማነጻጸር ነው። በእጅ የተሞረደ ገጽ መስመሩ የተዛባ ነው፤ አንዱ ጠልቆ ሌላው ላይ ላዩን ያልፋል። የኤሌክትሪክ መፍጫ የሚተወው ፈለግ ግን እኩልና ተደጋጋሚ ነው።

በምናብ ከተፈጠሩት ዘለበቶች ሁሉ ዝናን ያተረፉት «የቲፋኒ ዘለበቶች» የሚባሉት ናቸው። በ1960ዎቹ ውስጥ በእንግሊዝ አሮጌ ዕቃ ገበያዎች ብቅ ያሉት እነዚህ ከባባድ የናስ ዘለበቶች የኒው ዮርኩን የቲፋኒ ኩባንያ ስም በጀርባቸው ይዘው፣ ለዌልስ ፋርጎ የጭነትና የባንክ ድርጅት፣ ለእርስ በርስ ጦርነቱ ወታደሮችና ለሌሎችም የተሠሩ ናቸው ይባል ነበር። ኩባንያው አንዱንም አልሠራም። ውሸቱ ያመነው ሰው ብዙ የሆነው ግን በእውነት ላይ ተደግፎ ስለቆመ ነው፤ ቲፋኒ በጦርነቱ ዘመን ለሰሜኑ ጦር መኮንኖች ሰይፍ ያቀርብ እንደነበር የታወቀ ነው፤ ሰይፍ ያቀረበ ዘለበት ቢያቀርብ ማን ይገረማል? አታላዮቹ በዚህም አላበቁም። ዘለበቶቹን የሚዘረዝር፣ በ1950 ታተመ የሚል ቀን የተጻፈበት መጽሐፍ አዘጋጅተው አሰራጩ። ገዢ ተጠራጥሮ ማስረጃ ቢፈልግ መጽሐፉን ያገኛል፤ መጽሐፉም ዘለበቱን ይመሰክርለታል። የወታደር ምልክቶች አጥኚው ጄ. ዳንካን ካምቤል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዕቃዎቹም መጽሐፉም የዚያው ዘመን ፈጠራ መሆናቸውን አሳየ። ይህ ጉዳይ ለመላው የሰብሳቢነት ሙያ ያለው ክብደት ከዘለበት ያልፋል፤ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ምስክሩም በአንድ እጅ ሊሠራ እንደሚችል ያሳየ ነውና። ዛሬም እነዚያው ዘለበቶች በአሮጌ ዕቃ ሱቆች አይጠፉም፤ ስማቸውን የማያውቅ ሰው አሁንም ይገዛቸዋል።

ዘመናቸው የተሳሳቱትን እውነተኛ ዘለበቶች በተመለከተ ዋናው ምሳሌ በ1851 ለሰይፍ ቀበቶ የወጣው አራት ማዕዘን ዘለበት ነው። ንስርና በዙሪያው የብር ቀለም ያለው የሎረል ቅጠል ጉንጉን ያለበት ይህ ዘለበት ከጦርነቱ በኋላም በለውጥ መሠራቱን ቀጥሏል። በቀደሙት ላይ ጉንጉኑ ለብቻው ተሠርቶ የተለጠፈ ሲሆን፣ በኋለኞቹ ላይ ከሰሌዳው ጋር አብሮ የፈሰሰ ነው። በቀደሙት ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ ዘለበቱንና በቀበቶው ሌላ ጫፍ ያለውን ተቀባይ ቀለበት የሚያዛምድ ቁጥር ይገኛል፤ የሁለቱ ቁጥር አንድ ከሆነ ጥንዱ ከወርክሾፑ ጀምሮ አልተለያየም ማለት ነው። በ1866 የተመሠረተው የሰሜኑ ጦር አርበኞች ማኅበርም የራሱ ዘለበቶች ነበሩት፤ እነዚህ በአርበኞቹ ወገብ ላይ የነበሩ እውነተኛ ቅርሶች ቢሆኑም ጦር ሜዳ አልዋሉም።

ዕድሜን ማስመሰል ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ናስ በአሞኒያ ጢስ ይታጠናል፣ በአሲድ ይነከራል፣ ከጨውና ከአፈር ጋር ይቀበራል። የጊዜ ወዝ ከብረቱ ጋር የተዋሐደ፣ ጥቅጥቅ ያለና የተለያየ ነው፤ ሰው ሠራሹ አረንጓዴ ደግሞ ዱቄትነት ያለው፣ በጥፍር የሚነሣ፣ በጎድጓዳው ቦታ የሚጠራቀም ይሆናል። ከቀለሙ ይልቅ አመዛኙ ምስክር ግን አበላሉ ነው። ዘለበት ሲለበስ የሚያልቀው ጎልቶ በወጣው ክፍሉ፣ በመንጠቆው ውስጠኛ ጎንና ቆዳው በሚነካው ጠርዝ ነው። ፊቱ እንደ ተፈጨ ያለቀ፣ መንጠቆው ግን ትናንት የተቆረጠ የሚመስል ዘለበት በሰው ወገብ አላለቀም። በጥይት ተመትቷል ተብሎ የሚሸጥ ዘለበትም ተጨማሪ ጥርጣሬ ይገባዋል፤ ቅጂ ወስዶ መተኮስ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በሌላ በኩል አዲስ መምሰል ብቻውን የሐሰት ማስረጃ አይደለም። መንግሥት የሸጠውን ትርፍ የጦር ዕቃ በመግዛት ከ1865 ጀምሮ በኒው ዮርክ የነገደው የባነርማን ድርጅት ሳይለበሱ የቀሩ ዕቃዎችን ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሲሸጥ ኖሯል። ስለዚህ የተገኘ ዘለበት ከመመርመሩ በፊት መወልወልና መታጠብ የለበትም፤ የሚታጠበው ማስረጃው ነው።

የጀርመን ዘለበቶች ራሳቸውን የቻለ ዳሰሳ የሚፈልጉ ስለሆኑ እዚህ በአጭሩ ይጠቀሳሉ። ፕሩሲያ በ1847 ያስገባችው ዘለበት «ጎት ሚት ኡንስ» የሚል መፈክር አለው፤ ትርጉሙ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ሲሆን የእኛ አንባቢ አማኑኤል ከሚለው ስም ያውቀዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ናስ ሲያጥር ከ1915 ጀምሮ ግራጫ ቀለም የተቀባ ብረት ተተካ። የናዚ ዘመን ዘለበቶች ከሁሉም በላይ አስመሳይ የበዛባቸው ናቸው። ከቀበቶው ጋር የሚያያዘው የቆዳ ምላስ ላይ የሠሪ ስምና ዓመት ሊገኝ ይችላል፤ የስፌቱ ክር በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ደማቅ ሰማያዊ ካበራ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣ ክር መሆኑን ያመለክታል። የጀርመን የወንጀል ሕግ የናዚ ምልክቶችን በአደባባይ ማሳየትን ስለሚከለክል በዚያ አገር ሻጮች ምልክቱን ሸፍነው ያቀርባሉ፤ ይህም ከፎቶግራፍ ብቻ ተነሥቶ መለየትን ያከብደዋል።

የተገኘበት ቦታ ታሪክም መመርመር አለበት። በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ይዞታ ሥር ከሚገኙ የጦር ሜዳዎች ቆፍሮ ዕቃ መውሰድ ወንጀል ሲሆን፣ በ1979 የወጣው የአርኪኦሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ ቅጣቱን አጠናክሯል። በሰሜን ቨርጂንያ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ከማናሳስ የጦር ሜዳ በመኪና ብዙም አይርቁም፤ በአካባቢው የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ውስጥ «ከማናሳስ ፓርክ የተቆፈረ» የሚባል ዘለበት የሚቀርብለት ሰው ወይ ሐሰት ወይ የተሰረቀ ዕቃ እየተሸጠለት ነው። ከዘለበቱ ጋር የወታደር ፎቶግራፍ ሲቀርብም አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል፤ በዚያ ዘመን በቀጭን ብረት ላይ የሚነሡ ፎቶግራፎች እንደ መስተዋት ስለሚገለብጡ «ዩ ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ተገልብጦ መታየት አለበት። ፊደሉ ቀጥ ብሎ የሚነበብ ከሆነ ፎቶግራፉም መመርመር ይኖርበታል።

በ1973 የወጣው የአሜሪካ የሰብሳቢዎች ጥበቃ ሕግ አስመሳይ ሳንቲሞች «ቅጂ» የሚል ጽሑፍ እንዲታተምባቸው፣ አስመሳይ የፖለቲካ ምልክቶችም የተሠሩበት ዓመት እንዲጻፍባቸው ያስገድዳል። የወታደር ዘለበት በሕጉ አልተካተተም። ስለሆነም ቅጂ የሚሠሩ ሰዎች ምልክት የሚያደርጉት በገዛ ፈቃዳቸው ነው፤ ብዙ ጊዜም ትናንሽ ፊደላትን ወይም ዓመቱን በዘለበቱ ጀርባ ላይ ይመታሉ። እነዚህን ምልክቶች በሞረድ ማጥፋት ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን ሞረዱ ያለፈበት ቦታ ከቀሪው ጀርባ ዝቅ ብሎ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ወዙም ከአካባቢው ይለያል። ዘለበቱን በአንድ በኩል በሚመጣ ብርሃን ሥር አዘንብሎ ሲያዩት፣ ስሙ የተፋቀበት ያ ትንሽ ሜዳ ቁልጭ ብሎ ይታያል።