«ኮሪያ እኮ ከእኛ በታች ነበረች» እና ሌሎች የሰለቹኝ ንጽጽሮች

የማስተምረው የአገሮችን ማኅበራዊ ፖሊሲ ማነጻጸር ነው። ሰው ሥራዬን ሲሰማ ጥያቄ አይጠይቀኝም፤ መልሱን ይነግረኛል። ታክሲ ውስጥ፣ ጸጉር ቤት፣ ለቅሶ ላይ ሳይቀር። የሰለቹኝን እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ስዊድን ሕክምና ነፃ ነው።»

አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ይከፈላል፤ ክፍያው በዓመት ጣሪያ አለው እንጂ። የቀረው አስቀድሞ በግብር ተሰብስቧል። ስቶክሆልም ዘመድ ካላችሁ ስለ ግብሩ ጠይቁት። ሰፊ ጊዜ ይኑራችሁ ብቻ።

«አሜሪካ ማኅበራዊ ዋስትና የላትም።»

የጡረታ ሕጓ የ1935 ነው። ሜዲኬር (የአረጋውያን የጤና መድን) እና ሜዲኬይድ (የድሆች የሕክምና ሽፋን) የ1965 ናቸው። ቀዳዳው ብዙ ነው፣ እሱን አልክድም።

«ሥራ አጥ ያነሰበት አገር የተሻለ ነው።»

በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ በሳምንቱ ውስጥ 1 ሰዓት ለገቢ የሠራ ሰው ሥራ አጥ አይባልም። ድጎማ በሌለበት አገር ደግሞ ማን ቁጭ ብሎ ሥራ ይፈልጋል? ማስቲካም ቢሆን ያዞራል። አንድ ተማሪዬ በዚህ ቁጥር ብቻ ድሃዋን አገር ከሀብታሟ አስበልጦ መጣ። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ጽሑፉን ግን መለስኩለት።

«ኮሪያ እኮ ከእኛ በታች ነበረች። በ12 ዓመት ሕዝቧን በሙሉ የጤና መድን ውስጥ አስገባች። እኛስ ምን ይዞን ነው?»

እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል። አንድ ወዳጄ ለልምድ ልውውጥ ሴኡል 10 ቀን ቆይቶ መጣ። አበሉን በልቶ፣ ፎቶውን ተነስቶ፣ 40 ስላይድ ይዞ። ስብሰባ ላይ ይህችኑ ደገማት። ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ።

12ቱ ዓመት ከ1977 እስከ 1989 ያለው ነው። ሕጉ ግን የወጣው በ1963 ነው። መግባት በፈቃድ ስለነበር የገባው ሰው ጥቂት ነበር፤ ሕጉ 14 ዓመት ያህል ከወረቀት ብዙም ፈቅ አላለም። በ1977 ግዴታ ሲሆንም የጀመሩት 500 ሰውና ከዚያ በላይ ከቀጠሩ ድርጅቶች ነው። በ1979 የመንግሥት ሠራተኞችና የግል ትምህርት ቤት መምህራን ተጨመሩ። ገበሬው በ1988፣ የከተማው ነጋዴና በግሉ የሚሠራው በ1989 ገቡ። ያኔም ቢሆን መድን ያለው ታካሚ ከኪሱ የሚያወጣው ቀላል አልነበረም።

በእነዚያ ዓመታት የገበሬው ልጅ ወደ ፋብሪካ እየገባ ነበር። ደመወዝተኛ ሲበዛ መዋጮ መሰብሰብ ቀላል ነው፤ ሒሳብ ክፍሉ ከደመወዝ ላይ ይቆርጣል፣ አለቀ። እኛ ጋ አብዛኛው ሰው ደመወዝ የለውም። ከምኑ ላይ ይቆረጥ?

ደግሞ እኛ ዝም ብለን አልተቀመጥንም። የደመወዝተኛው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2010 ወጣ፤ ትግበራው ግን በተደጋጋሚ ተራዘመ። ለገበሬውና መደበኛ ቅጥር ለሌለው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ተስፋፋ። ኮሪያ ገበሬውን መጨረሻ ላይ አስገባች፤ እኛ ከገበሬው ጀመርን። መዋጮው በቀበሌ በኩል፣ ብዙ ቦታ ምርት ሲገባ ነው የሚሰበሰበው። ይህን የሴኡል ሒሳብ ክፍል አያስተምርም። 40ው ስላይድ ውስጥም አልነበረም።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚሉትም ዝም ብለው አይደሰቱ። ጀርመን የሠራተኞችን የጤና መድን በ1883 ጀመረች፤ ጃፓን ከጀርመን አይታ በ1922 ሕጓን አወጣች፤ ኮሪያ ከጃፓን ወሰደች። ሁሉም ኮርጀዋል። ሲኮርጁ ግን የቀዱት ሰው መዋጮውን እንዴት እንደሚሰበስብም አይተዋል።

ስለዚህ ለልምድ ልውውጥ የምትሄዱ፣ እባካችሁ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱን ግማሽ ቀን ጎብኙና ውጡ። ጡረታ የወጣ መዋጮ ሰብሳቢ ፈልጉ። አልከፍልም ያለውን ምን እንዳደረጉት ጠይቁት። ገንዘቡ የጎደለ ጊዜ ማን እንደሞላው ጠይቁት። መጨረሻ የገባው ማን እንደሆነና እስከዚያ በምን እንደታከመ ጠይቁት። መልሱን በማስታወሻ ደብተር ጻፉት፤ ፎቶው ይቆይ።

ወዳጄ በሚቀጥለው ወር ኪጋሊ ይሄዳል አሉ።