ከአዳማ ዱባይ ለሚሄዱ፦ ስለ ምንዛሪና ግዢ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአዳማ ተነስተው ለእረፍት ዱባይ ከሚሄዱ ሰዎች ብዙዎቹ የሚከስሩት በዕቃ ውድነት አይደለም። ገንዘባቸውን የሚበላው ሳይሰላ የቀረው ምንዛሪ፣ ወርቅና ታክስ ነው።

«ባንክ ለመንገደኛ ዶላር አይሸጥም»

ይህ የድሮ ወሬ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰናል፤ ባንኮችም ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት ላቀረበ መንገደኛ ዶላር ይሸጣሉ። ዋጋው ከባንክ ባንክ ስለሚለያይ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ። ጥሬ ዶላር በየቅርንጫፉ ላይኖር ስለሚችል ለበረራው ዋዜማ አታቆዩት። ከጥቁር ገበያ መግዛት ወንጀል ከመሆኑም በላይ ሐሰተኛ ኖት ቢደርሳችሁ ለማን አቤት ትላላችሁ?

«መቶ ዶላር ያው መቶ ዶላር ነው»

አሜሪካ የድሮ ኖቶቿን አልሻረችም፤ ነገር ግን ብዙ መንዛሪዎች ትንሽ ምስል ያለበትን ከ1996 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ኖት፣ የተቀደደ ወይም የተጻፈበትን አይቀበሉም፤ ከተቀበሉም ዋጋ ይቀንሳሉ። ከመስኮቱ ሳትርቁ ቁጠሩ፤ ሰማያዊ ሪባን ያለበትን አዲሱን መቶ ጠይቁ።

«ምንዛሪ የትም ያው ነው»

የዱባይ ገንዘብ ድርሃም ነው፤ ከዶላር ጋር በ3.6725 የተቆራኘ ነው። ስለዚህ 1,000 ዶላር ሙሉ ዋጋው 3,672.50 ድርሃም ነው። በ3.65 ብትመነዝሩ የሚጎድልባችሁ 22.50 ነው፤ በ3.50 ከሆነ ግን 172.50 ድርሃም ይሄዳል። ኤርፖርት ላይ የታክሲ ያህል ብቻ መንዝሩ። «ስንት ነው?» ከማለት «ኮሚሽን ተቀንሶ እጄ ላይ ስንት ይደርሳል?» ማለት ይሻላል። በካርድ ስትከፍሉም ማሽኑ በዶላር ወይስ በድርሃም ብሎ ከጠየቀ ድርሃምን ምረጡ፤ በሌላኛው የሚያሰላው ነጋዴው የሚጠቀምበት ድርጅት ነው፤ ትርፉን ይጨምርበታል። አዳማ ላይ ብር የሚያወጣው ካርዳችሁ ውጭ አገር ላይሠራ ስለሚችል፣ አስቀድማችሁ ከባንካችሁ አረጋግጡ።

«የወርቅ ዋጋ አይከራከሩትም»

የዕለቱ የግራም ዋጋ ተለጥፎ ይታያል፤ እሱ ላይ ክርክር የለም። ለሠሪው የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ግን ይከራከሩበታል፤ ቅናሹም የሚገኘው እዚያ ነው። ማህተሙን እዩ፦ 916 ማለት 22 ካራት፣ 875 ማለት 21፣ 750 ማለት 18 ነው። 10 ግራም ባለ 21 ካራት ወርቅ ውስጥ ንጹሑ 8.75 ግራም ብቻ ነው። ፈርጥ ካለበት ክብደቱ ይቀነስ በሉ፤ አለበለዚያ ድንጋይ በወርቅ ዋጋ ትገዛላችሁ። ደረሰኙ ላይ ግራሙ፣ ካራቱና የእጅ ዋጋው ተለይተው ይጻፉ። ወርቁን በኋላ አዳማ ብትሸጡት ገዢው የሚከፍለው ለግራምና ለካራት ነው፤ የእጅ ዋጋው አይመለስም።

«የተከፈለ ታክስ አይመለስም»

ለቱሪስት ይመለሳል። ታክሱ 5 በመቶ ነው፤ ከአንድ ሱቅ ቢያንስ የ250 ድርሃም ግዢ ያስፈልጋል፤ ፓስፖርት የሚታየውም በዚያው ሱቅ ስትከፍሉ ነው። የሚመለሰው የታክሱ 85 በመቶ ሲሆን በየታክስ ማስመለሻ ሰነዱ 4.80 ድርሃም ይቀነሳል። ታክሱን ጨምሮ 1,050 ድርሃም ከከፈላችሁ፣ ከ50 ድርሃሙ 37.70 ይደርሳችኋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኤርፖርት ላይ ነው፦ ሻንጣውን ካስረከበ በኋላ ይጠይቃል። ዕቃው ለፍተሻ ሊጠየቅ ስለሚችል መጀመሪያ ታክሱን ጨርሱ፣ ከዚያ ሻንጣ አስረክቡ።

«የዱባይ ኤሌክትሪክ ዕቃ እዚህ አይሠራም»

ቮልቴጁ ከእኛው ጋር ይቀራረባል። የሚለየው ሶኬቱ ነው፦ የነሱ ሦስት ጠፍጣፋ እግር አለው፤ ለዚያ አዳፕተር ይበቃል።