ሄማቶክሪት ምንድን ነው? የደም መርጋት ምርመራን የሚያሳስተውስ መቼ ነው?

ሄማቶክሪት ከደማችን ውስጥ ምን ያህሉ ቀይ የደም ሴል እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። በሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ውጤት ላይ ከሄሞግሎቢን፣ ማለትም ኦክስጅን ከሚሸከመው የቀይ ሴል ፕሮቲን፣ አጠገብ ታገኙታላችሁ። ለአዋቂ ወንድ ከ40 እስከ 50 በመቶ፣ ለሴት ከ36 እስከ 46 በመቶ አካባቢ ነው። የቀረው ከሞላ ጎደል ፕላዝማ ነው፤ ደሙ ሲዘቅጥ ከላይ የሚንሳፈፈው ቢጫ ፈሳሽ።

አብዛኛው ሰው ይህን ቁጥር የሚያየው ደም ማነስ ሲጠረጠር ነው። ከመጠን በላይ ሲበዛ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል፦ የደም መርጋት ምርመራን ያሳስታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቱቦው ነው። ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ ለሚለኩት ምርመራዎች፣ ማለትም ለፒቲ፣ ከእሱ ለሚሰላው አይኤንአርና ለፒቲቲ፣ ደም የሚቀዳው ሰማያዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው። ቱቦው ባዶ አይደለም። ከሥሩ ውሃ የሚመስል ጠብታ አለው፤ ሶዲየም ሲትሬት ይባላል። ሲትሬት ካልሲየምን አንቆ ይይዛል። ያለ ካልሲየም ደም አይረጋም፤ ስለዚህ ደሙ ላብራቶሪ እስኪደርስ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። እዚያ ቱቦው በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል፣ ቀይ ሴሎቹ ይዘቅጣሉ፣ ፕላዝማው ብቻ ለምርመራ ይወሰዳል። ከዚያ መጠኑ የተወሰነ ካልሲየም ከመርጋት አስጀማሪው ንጥረ ነገር ጋር ይጨመርበታል። በስንት ሰከንድ እንደረጋ ይቆጠራል።

ሲትሬቱ ተለክቶ የሚመጣው ከፋብሪካ ነው፦ ለ9 እጅ ደም 1 እጅ ሲትሬት። በአንድ የተለመደ ቱቦ 0.3 ሚሊ ሊትር ሲትሬት ላይ 2.7 ሚሊ ሊትር ደም ይጨመራል። ፋብሪካው ግን የማን ደም እንደሚገባበት አያውቅም። የለካው ለብዙኃኑ ነው። ሲትሬቱ ደግሞ የሚቀረው በፕላዝማው ውስጥ እንጂ በቀይ ሴሎቹ ውስጥ አይደለም።

እስቲ እናስላው። ሄማቶክሪቱ 45 በመቶ የሆነ ሰው በዚያ 2.7 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 1.5 ሚሊ ሊትር ያህል ፕላዝማ አለው። 65 በመቶ የሆነው ግን 0.95 ያህል ብቻ። ሲትሬቱ ለሁለቱም ያው 0.3 ነው። ወጡ ውስጥ ሥጋው በዝቶ መረቁ ሲያንስ የተለመደው ጨው እንደሚበዛበት ማለት ነው። የተረፈው ሲትሬት ላብራቶሪው የሚጨምረውን ካልሲየም እየለቀመ ይይዝበታል። ፕላዝማው ለመርጋት ይዘገያል። ወረቀቱ ላይ ፒቲውም ፒቲቲውም ረዝሞ ይወጣል፤ ሰውየው ግን የመርጋት ችግር የለበትም።

ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። ቀዶ ሕክምና ሊራዘም ይችላል፣ የማያስፈልግ ፕላዝማ ሊሰጥ ይችላል። ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ከሆነ ደግሞ አይኤንአሩ ከፍ ብሏል ተብሎ መድኃኒቱ ይቀነስበታል። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ላለው ሰው ይህ አደገኛ ነው፤ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል።

በተለይ የሚያሰጉት ከልደታቸው ጀምሮ የልብ ችግር ኖሮባቸው ከንፈራቸው የሚጠቁር ልጆች፣ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት፣ ፖሊሳይቴሚያ (ቀይ የደም ሴል ከመጠን በላይ የሚበዛበት ሕመም) ያለባቸው ሰዎችና ለረጅም ጊዜ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ናቸው። ከፍታም ይጨመርበታል። በፔሩ አንዲስ 4,300 ሜትር ግድም ላይ ባለችው ሴሮ ዴ ፓስኮ ሄማቶክሪታቸው ከ60 በመቶ የሚያልፍ ሰዎች አሉ። የእኛ ደጋ ሰው ግን ይለያል። በ2002 የወጣ ጥናት 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢናቸው ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ብዙም እንደማይርቅ አሳይቷል። ስለዚህ «ደጋ ስለምኖር ነው» ብሎ ቁጥሩን ማለፍ ለእኛ አያዋጣም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሄማቶክሪቱ ከ55 በመቶ ካለፈ ሲትሬቱ ይቀነሳል። ቀመሩ 0.00185 ሲባዛ ከ100 ላይ ሄማቶክሪቱ ተቀንሶ በቀረው፣ ሲባዛ በደሙ መጠን ነው። ለ65 በመቶው ሰው 0.17 ሚሊ ሊትር ሲትሬት ይመጣል። እናም ደሙ ከመቀዳቱ በፊት 0.13 ያህሉ ሲትሬት ከቱቦው ይወጣል ማለት ነው። ይህን ለማድረግ ግን ላብራቶሪው ሄማቶክሪቱን ቀድሞ ማወቅ አለበት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሲቢሲውና ፒቲው ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ስለሚታዘዙ ቁጥሩን ከፒቲው ጋር አያይዞ የሚያይ ሰው ላይኖር ይችላል።

ደም ማነስስ? ሲትሬቱን በተመለከተ ብዙም አያሳስብም፣ ማስተካከያም አይደረግለትም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ቀይ ሴሎች በደም ሥር ውስጥ መሀል መሀሉን ሲሄዱ ፕሌትሌቶችን (ቁስልን የሚደፍኑ ጥቃቅን የደም ሴሎችን) ወደ ግድግዳው ይገፏቸዋል፤ ቁስሉ ያለው ደግሞ ግድግዳው ላይ ነው። ቀይ ሴል በጣም ሲያንስ ሰውየው በቀላሉ ሊደማ ይችላል። ፒቲው ግን ፕላዝማን ብቻ ስለሚለካ «ደህና ነው» ይላል።

ጣት ተወግቶ አይኤንአር የሚለኩ ትንንሽ መሣሪያዎችም ገደብ አላቸው። በውጭ አገር ብዙ ሰው ቤቱ የሚጠቀምባቸው ናቸው። አንዱ የታወቀ ዓይነት የሚሠራው ሄማቶክሪት ከ25 እስከ 55 በመቶ ሲሆን ነው። ከዚያ ውጪ የሆነ ሰው ከደም ሥር በሚቀዳ ደም መመርመር አለበት።

ይኸው ስህተት ሄማቶክሪቱ ደህና በሆነ ሰውም ላይ ይደርሳል። ቱቦው በግማሽ ከተሞላ ፕላዝማው ያንሳል፣ ሲትሬቱ ይበዛል። ላብራቶሪው «ደሙ አንሷል፣ ድጋሚ ይቀዳ» የሚለው ለዚህ ነው።