ባለትዳር ቅድስት ማለት ምን ማለት ነው?

ባለትዳር ስለ ነበረችው የቢዛንታይን ቅድስት፣ ስለ ታናሿ ማርያም በሚጻፉ አጫጭር ጽሑፎች ላይ «የባሏን ዱላ በትዕግሥት በመቀበሏ ቅድስት ተባለች» የሚለው አባባል ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ ይዞ የሚደበደቡ ሚስቶችን «እንደ እርሷ ቻሉ» ሲል አነበብሁ። ገድሏን ገልጦ ያየ ሰው እንዲህ ያለ ምክር ከውስጡ ሊያወጣ አይችልም።

የማርያም ወላጆች በቢዛንታይን ንጉሥ በቀዳማዊ ባስልዮስ ዘመን (ከ867 እስከ 886 እ.ኤ.አ.) ከአርመን ወደ ቁስጥንጥንያ የመጡ ናቸው። ኒቅፎር የተባለ የጦር አለቃ አግብታ፣ ዛሬ በቱርክ አውሮፓዊ ክፍል በምትገኘው በቪዚ ከተማ ኖረች። ከወለደቻቸው አራት ልጆች ሁለቱን በሕፃንነታቸው ቀበረች። ያላትን ለድኆች ስትሰጥ፣ በግብር ዕዳ የታሰሩትን ስታስፈታ ሳለች፣ የባሏ እኅትና ወንድም ከአገልጋይ ጋር አመንዝራለች፣ ሀብቱንም በትናለች ብለው ከሰሷት። ባሏ ወሬውን አምኖ ደበደባት፤ በ903 ገደማም ሞተች።

ገድልን እንደ ጠበቃ ክርክር ማንበብ ይጠቅማል። ጠበቃ የሚናገረው ባላጋራው የሚያነሣውን አስቀድሞ አስቦ ነውና፣ ጭብጡን የሚፈልግ ሰው ጠበቃው ደጋግሞ የሚመልስለትን ጥያቄ ይከተል። በዚህ ገድል ውስጥ ያ ጥያቄ ጋብቻው ነው። ጸሐፊው ገና በመግቢያው፣ ሴት መሆኗም ሆነ አግብታ መውለዷ እግዚአብሔርን ደስ ከማሰኘት እንዳላገዳት ይናገራል። በመቃብሯ ድውያን ተፈወሱ በተባለ ጊዜም የከተማይቱ ጳጳስ አውቲምዮስ ሲጠራጠር ያሳየናል፤ ጳጳሱ ምግባሯ መልካም እንደነበረ ሳይክድ፣ ተአምር የማድረግ ጸጋ ለንጹሐን ወንዶች፣ ለመነኮሳትና ለሰማዕታት የተሰጠ መሆኑን፣ እርሷ ግን ከባል ጋር የኖረች ሴት መሆኗን ያነሣል። ጠበቃው የባላጋራውን ቃል እንዲህ ሳይሸሽግ የሚያቀርበው ምስክር ስላለው ነው፤ ምስክሮቹም የተፈወሱት ሰዎች ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ጳጳሱ ሰማዕታትን ለይቶ ሲጠራ እርሷን ከእነርሱ አለመቁጠሩ ነው። ዱላው የቅድስናዋ ማስረጃ ቢሆን ኖሮ ይህ መቃወሚያ ከቶ ባልተነሣ ነበር።

የእኛ አንባቢ በሌላ በኩል ይሳሳታል። ባለትዳር ቅዱስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የባሕረ ሐሳቡ ባለቤት፣ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ድሜጥሮስ ነው፤ እርሱ ከሚስቱ ጋር በድንግልና መኖሩን፣ ለሚያሙትም የእሳት ፍም በልብሳቸው ይዘው መታየታቸውን በስንክሳር እንሰማለን። ማርያምን በዚህ መለኪያ ማየት አይቻልም። ገድሏ እንደሚለው፣ በራይዴስጦስ ከተማ የነበረ ሠዓሊ በሕልሙ አይቷት ምስሏን ሲሥል፣ የሞቱባት ልጆቿን ኦሬስጤስንና ቫርዳንን በግራና በቀኟ፣ አገልጋይዋን አጋታን ከኋላዋ አድርጎ ነው። ያከበሯት ሰዎች እናትነቷን ከሥዕሏ አላወጡትም፤ ምጽዋቷም ባልና ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ የተሠራ ምጽዋት ነው።

የጠበቃው ንጽጽር የማይደርስበትም ቦታ አለ። ጠበቃ ጉዳዩ ሳይቀዘቅዝ ይከራከራል፤ ይህ ገድል ግን የቡልጋሩ ንጉሥ ስምዖን በቪዚ ላይ ያደረሰውን ጥፋት ጭምር ስለሚተርክ፣ ከሞቷ ብዙ ዓመታት ቆይቶ የተጻፈ ነው፤ ወደ 11ኛው ክፍለ ዘመን የሚያወርዱት ሊቃውንትም አሉ። ስለዚህ የአውቲምዮስን ንግግር በዕለቱ እንደተያዘ ቃለ ጉባኤ አድርጎ መጥቀስ አይገባም። ይሁንና ጸሐፊው ያን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላም ለዚያው ጥያቄ መልስ ለመስጠት መድከሙ፣ ያገባች ሴት ቅድስት ልትሆን መቻሏ በእርሱም ዘመን ገና የሚያከራክር እንደነበረ ያሳያል።