ዋግን የሚቋቋም ጂን ምንድን ነው?

ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በአርሲና በባሌ ስሙ የገነነው በ2003 ዓ.ም. ከደረሰው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ በኋላ ነው። ኩብሳን የመሳሰሉ ተወዳጅ ዝርያዎች ሲወድሙ ዲገሉ ጸንቶ ቆመ፤ ዘሩም በየማሳው ተሠራጨ። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ከኅዳር እስከ ጥር 2006 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ያው ዲገሉ በግንድ ዋግ ተመታ። የምርት ጉዳቱ ወደ መቶ በመቶ የተጠጋባቸው ማሳዎች ነበሩ። ስንዴው ያው ስንዴ ነው፤ የመጣበት ዋግ ግን ሌላ ዓይነት ነበር።

አንድ ዝርያ በሽታ ይቋቋማል ሲባል ብዙዎቻችን ተክሉ በአጠቃላይ ብርቱ የሆነ ይመስለናል። እውነታው ጠበብ ያለ ነው። ዋግ በሕይወት ካለ የተክል ሴል ውጭ መመገብ የማይችል ፈንገስ ነው። ቅጠሉ ወይም ግንዱ በሚተነፍስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገባና መመገቢያ አካሉን በሴሎቹ ውስጥ ይተክላል፤ ከዚያም የተክሉን መከላከያ የሚያደነዝዙ ፕሮቲኖችን ይረጫል። ጂን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የባሕርይ መመሪያ ነው፤ የመቋቋሚያ ጂን የምንለውም ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱን ለይቶ የሚያውቅ ዘበኛ የሚያሠራ ጂን ነው። ዘበኛው ያንን ፕሮቲን ባየ ጊዜ የተወረረው ሴል ራሱን ይገድላል፤ ፈንገሱም የሚበላው አጥቶ እዚያው ይቀራል። በቅጠሉ ላይ የሚታየው ጥቂት የደረቀ ነጥብ ብቻ ነው።

መቋቋም እንደ ማንኛውም ባሕርይ በሜንዴል ሕግ እንደሚወረስ እንግሊዛዊው ሮላንድ ቢፈን እ.ኤ.አ. በ1905 በስንዴ ቢጫ ዋግ ላይ አሳይቶ ነበር። የነገሩን ሌላ ግማሽ ያገኘው ግን አሜሪካዊው ሃሮልድ ፍሎር ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሰሜን ዳኮታ ተልባንና የተልባን ዋግ ጎን ለጎን እያዳቀለ ሲያጠና፣ በተክሉ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ የመቋቋሚያ ጂን በፈንገሱ ውስጥ አቻ ጂን እንዳለ ተረዳ። ጂን ለጂን የሚባለው ሐሳብ ይህ ነው። ስለዚህ መቋቋም የስንዴው ብቻ ባሕርይ አይደለም፤ ስንዴውና አንድ የተወሰነ የዋግ ዓይነት ሲገናኙ የሚታይ ውጤት ነው።

የዲገሉም ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው። የግንድ ዋግን ይከላከልለት የነበረው በዋናነት ኤስአር ቲኤምፒ የተባለ አንድ ጂን ነበር። ዓለምን ያስደነገጠውን ዩጂ99 የተባለ የግንድ ዋግ ዲገሉ ይቋቋመው ነበር፤ ይህ ዋግ በኡጋንዳ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ የሆነና ራይ ከተባለው የስንዴ ዘመድ ወደ ስንዴ የተሸጋገረውን ኤስአር 31 የተባለ ጂን የሰበረ ነው። የጣለው ቲኬቲቲኤፍ የተባለ፣ ከዩጂ99 ጋር የዘር ሐረግ የማይጋራ ሌላ ዋግ ነው። ፈንገሱ ዘበኛው የሚያውቀውን ፕሮቲን ከለወጠ ወይም ከጣለ ጂኑ ፋይዳ የለውም፤ የዋግ ስፖር (የሚራባበት ብናኝ) ደግሞ በነፋስ አገር የሚያቋርጥ ነው።

ሌላ ዓይነት ጂኖችም አሉ። ኤስአር 2 እና ኤልአር 34 ዋግን አያግዱም፤ ያዘገዩታል። ኤስአር 2ን ኤድጋር ማክፋደን ኤመር ከሚባለው ጥንታዊ የስንዴ ዘመድ ወደ ዳቦ ስንዴ ያሻገረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው፤ እስካሁንም ያገለግላል። ኤልአር 34 ዘበኛ ሳይሆን በሴል ሽፋን ላይ ንጥረ ነገር የሚያጓጉዝ ፕሮቲን ይሠራል፤ ሦስቱንም የስንዴ ዋጎች (ቢጫ፣ የግንድና የቅጠል) ያዳክማል። ችግራቸው ዓይን አለመማረካቸው ነው፦ ቡቃያው ላይ እምብዛም አይታዩም፣ ማሳውም ከዋግ ፈጽሞ አይጸዳም። እኔ ግን በመኸር፣ በበልግና በመስኖ ስንዴ በሚዘራበት አገር፣ ዋጉ ዓመቱን ሙሉ ማደሪያ በሚያገኝበት ሁኔታ፣ ዝግተኞቹን አስቀድማለሁ።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይገርማል፤ መነሻውም እዚሁ ነው። ኤምኤልኦ የተባለው የገብስ ጂን ቅጠልን ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለው ፈንገስ ወደ ሴል ለመግባት የሚፈልገው ጂን ነው። ጂኑ ሥራ ካቆመ ፈንገሱ መግቢያ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከኢትዮጵያ በተሰበሰቡ አገር በቀል ገብሶች ውስጥ ይህ ጂን በተፈጥሮ የተዳከመ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮም በአውሮፓ የጸደይ ገብስ ዝርያዎች ውስጥ ገብቶ አርባ ዓመት ያለፈው መከላከያ ሆኗል። የአውሮፓ ቢራ ጠማቂዎች ለእኛ ደጋ ገብስ ባለዕዳዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መከላከያው ዋጋ አለው፤ ቅጠሉ ያለ በሽታ በነጠብጣብ ሊደርቅ፣ ምርቱም ሊቀንስ ስለሚችል አዳቃዮች ይህን ለማለዘብ ብዙ ለፍተዋል።

አሁን የሚመከረው በአንድ ዝርያ ውስጥ በርካታ ጂኖችን መደራረብ ነው፤ ፈንገሱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማምለጥ ይከብደዋልና። ይህ የሚሠራው ግን ከተደራረቡት ጂኖች አንዱ ብቻውን በጎረቤት ማሳ ካልተዘራ ነው። ከተዘራ ፈንገሱ እዚያ አንዱን ለይቶ ይሰብርና፣ ወደ ተደራረበው ማሳ ሲደርስ ሊሰብረው የሚቀረው ጂን ጥቂት ይሆናል።