በእኛ ስም የምትጠራው የሐርለም ቤተ ክርስቲያን

ኒውዮርክ፣ ሐርለም ውስጥ 138ኛው ጎዳና ላይ አንዲት ትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለች። ስሟ አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች ነው። አቢሲኒያ ማለት እንግዲህ እኛው ነን። ስለሷ በአማርኛ ደህና ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ያለኝን ሰብስቤ ልጻፍ አልኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

የተመሠረተችው በ1808 ነው። ያኔ የከተማው ፈርስት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ምዕመናንን ለብቻ ያስቀምጥ ነበር። እግዚአብሔር ቤት ውስጥም መገለሉ ያንገሸገሻቸው ሰዎች ጥለው ወጡና የራሳቸውን አቆሙ። ከቦስተን የመጣው ፓስተር ቶማስ ፖል አገዛቸው።

ስሙ ከየት መጣ? ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ የምትተርከው፣ ከወጡት መካከል ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎችና መርከበኞች እንደነበሩ ነው። ማስረጃው ስስ ነው የሚሉ አሉ። በዚያ ዘመን ጥቁር አሜሪካውያን «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን ቃል እንደ ራሳቸው ተስፋ ያነቡት ስለነበር ስሙ ከዚያ ይሆናል የሚሉም አሉ። እኔ ግን የመርከበኞቹን ታሪክ ለመተው ልቤ እሺ አላለኝም። ያም ሆነ ይህ፣ ባርነት በኒውዮርክ ገና ሕጋዊ ሳለ (የቀረው በ1827 ነው) ሰዎቹ ለቤታቸው የመረጡት ይህንን ስም ነው።

ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቤት እየቀያየረች ከታችኛው ማንሃተን ወደ ላይ ስትወጣ ቆየች።

ነገሩ የሚደምቀው በ1908 አዳም ክሌይተን ፓወል፣ ማለትም አባትየው፣ ፓስተር ሆኖ ሲመጣ ነው። ጥቁሩ ሕዝብ ወደ ሐርለም ሲጎርፍ እሱም ቤተ ክርስቲያኗን ይዞ ተከተለ፤ የዛሬው ሕንፃ በ1923 ተመረቀ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ አጥ ሲበዛ እዚያው ነፃ ምግብ ማደል ተጀመረ። በዚያው ሰሞን ዲትሪክ ቦንሆፈር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ የነገረ መለኮት ተማሪ እየመጣ የሰንበት ትምህርት ያስተምር ነበር። አገሩ ሲመለስ የጥቁሮቹን መንፈሳዊ መዝሙሮች በሸክላ ይዞ ሄደ። በ1945 ናዚዎች ሰቀሉት።

አባትየው በ1937 መንበሩን ለልጁ ለቀቀ። ልጅየው ስሙም አዳም ክሌይተን ፓወል ነው፤ መልከ መልካም፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ትንሽም ደፋር። «የማትቀጠርበት ሱቅ አትግዛ» የሚለውን ዘመቻ ይዞ 125ኛው ጎዳና ላይ ሰልፍ ወጣ። ሐርለም ውስጥ ገበያተኛው ጥቁር፣ ሻጩ ነጭ ነበርና።

አውቶቡሱም እንደዚያው ነበር። ተሳፋሪው ጥቁር፣ ሾፌሩ ነጭ። በ1941 ፓወልና ሌሎች መሪዎች ሕዝቡ እንዳይሳፈር አሳመጹ። ሰው ሥራ ውሎ ደክሞት፣ ባዶ አውቶቡስ አጠገቡ እያለፈ፣ በእግሩ ኳተነ፤ መኪና ያለው የሌለውን ጫነ። አንድ ወር ገደማ ሲሆን ኩባንያዎቹ እጅ ሰጡና 100 ጥቁር ሾፌሮችና 70 ጥቁር መካኒኮች ለመቅጠር ተስማሙ። ልብ በሉ፣ ስሙ የገነነው የሞንትጎመሪ (አላባማ) የጥቁሮች የአውቶቡስ አድማ የመጣው ከ14 ዓመት በኋላ ነው።

ፓወል በ1944 ለኮንግረስ፣ ማለትም ለአሜሪካ ምክር ቤት፣ ተመረጠ፤ ከኒውዮርክ የመጀመሪያው ጥቁር። ዘር ለሚለይ ተቋም የፌዴራል ገንዘብ አይሰጥ እያለ በየረቂቅ ሕጉ ላይ ማሻሻያ እየለጠፈ ባልደረቦቹን አሰለቻቸው። ሐሳቡ በመጨረሻ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ውስጥ ገባ። በ1967 የሕዝብ ገንዘብ ያላግባብ አውጥቷል ተብሎ ወንበሩን ተከለከለ። ጥፋት አልነበረበትም ማለት ይከብዳል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1969 ኮንግረሱ ሊያግደው አይችልም ነበር ብሎ ፈረደ። በ1972 ሞተ።

ከኛ ጋር ያለው ነገር ስም ብቻ አይደለም። በ1935 ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ ሐርለም ተቆጥቶ ነበር፣ ይቺ ቤተ ክርስቲያንም የስብሰባ ቦታ ሆነች። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ እዚያ ሄደው ለፓወል የኢትዮጵያ መስቀል ሰጡት። መስቀሉ የቤተ ክርስቲያኗ ምልክት ሆኗል።

ከፓወል በኋላ ሳሙኤል ፕሮክተር አገለገለ። በ1989 የተተካው ካልቪን ባትስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ምዕመናኑን አስከትሎ፣ ቀለምና ረጅም ብሩሽ አስይዞ፣ ሐርለም ውስጥ የተሰቀሉትን የሲጋራና የመጠጥ ማስታወቂያዎች በነጭ ቀለም ቀባቸው። ቤተ ክርስቲያኗ ባቋቋመችው የልማት ድርጅት በኩልም ቤቶች ተሠሩ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ባትስ በ2022 አረፈ፤ ተተኪው የተመረጠው በ2024 ነው፣ ያውም ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ።

በ2007፣ እኛ ሁለት ሺህን ስንቀበል፣ እነሱ ደግሞ ሁለት መቶኛ ዓመታቸውን ሊያከብሩ ነበር። ከመቶ የሚበልጡ ምዕመናን ተሳፍረው አዲስ አበባ መጡ።

እሁድ ጠዋት መዘምራኑን ለመስማት ከዓለም ዙሪያ የመጣ ቱሪስት በሩ ላይ መሰለፉ የተለመደ ነበር። ቁምጣ የለበሰ ግን አይገባም ነበር።