«ዋናው አለቀ፣ መውረዱ ምን አላት!» እና ሌሎች የተራራ ወሬዎች

ሥራዬ ሰው ይዞ ተራራ መውጣት ነው። ጫካ አቋርጦ፣ ዙሪያ ገባው ወለል ብሎ ከሚታይበት አናት ላይ የሚያደርስ መንገድ። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ወሬውን ግን አልቻልኩትም። ተጓዡ ይለዋወጣል እንጂ የሚባለው ነገር ሁሌም አንድ ነው።

«8 ኪሎ ሜትር ብቻ? በሁለት ሰዓት እንጨርሰዋለን።» ሜዳ ቢሆን እሺ። ተራራ ላይ ሰዓት የሚበላው ከፍታው ነው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ሌላ አንድ ሰዓት። 8 ኪሎ ሜትሩ 900 ሜትር ዳገት ካለው መውጫው ብቻ ከሦስት ሰዓት ያልፋል። ያውም ያለ እረፍትና ያለ ፎቶ። ፎቶ የማያነሳ ሰው ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም።

«እንዲህ እየሞቀ ጃኬት ምን ያደርግልኛል?» ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር፣ በየ1,000 ሜትሩ፣ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ጫካው ነፋሱን ስለሚከልል መቀዝቀዙ አይታወቃችሁም። ከዛፎቹ ስትወጡ ግን ነፋሱ በላብ የራሰ ልብሳችሁን ያገኘዋል። ጥጥ ከለበሳችሁ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። ጃኬቱን ያዙ፣ አለቀ።

«ጥላ ለጥላ ስለምንሄድ ውሃ አያስፈልግም።» ዳገት ስትወጡ ጥላም ውስጥ ያልባችኋል።

«ምንጩ ጥርት ያለ ነው፤ ከዚያ እንጠጣለን።» ጃርዲያ የሚባለው፣ ተቅማጥ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ በዓይን አይታይም። አፍሉት ወይም አጣሩት።

አሁን ወደ ዋናዋ ልምጣ። «ዋናው አለቀ፣ መውረዱ ምን አላት!» ይቺን ያላለ ቡድን መርቼ አላውቅም። አናት ላይ ተደርሶ፣ ቦርሳ ወርዶ፣ ሁሉም ተዘርግቶ ሳለ አንዱ ይላታል። ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

ወገኖቼ፣ አናት የመንገዱ እኩሌታ ነው። ዳገት በዋናነት የሚፈትነው ልብና ሳንባን ነው። ሲያቅታችሁ ትቆማላችሁ፣ ትተነፍሳላችሁ፣ ትቀጥላላችሁ። ቁልቁለት የሚፈትነው ጡንቻን ነው። በየእርምጃው የጭናችሁ የፊት ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችሁን እንደ ፍሬን ይይዛል። እየተለጠጠ ሸክም ሲችል በጥቃቅኑ ይጎዳል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅታችሁም ለዚህ ነው፤ ሕመሙ የሚብሰው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ችግሩ ታዲያ እየወረዳችሁ ሳለ ድካሙ አይታወቅም። ትንፋሽ አይቆራረጥም። ደህና ነኝ ስትሉ ድንገት እግራችሁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

አንድ ልጅ ነበር፣ በየማለዳው የሚሮጥ። ዳገቱን ሁላችንንም ጥሎን ነው የወጣው። አናት ላይ ያቺኑ ነገር አላትና «ታች እንገናኝ» ብሎ በሩጫ ወረደ። ጫካው መሃል ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ተቀምጦ አገኘነው፤ እርጥብ የዛፍ ሥር አንሸራትቶት። የቀረውን መንገድ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ደግፎት ነው የወረደው። ከጫካው ስንወጣ ጨልሟል። በዚያው ጉዞ አንዲት ጡረታ የወጡ እናት ነበሩ። ሲወጡ መጨረሻ ስለነበሩ ሁሉም አዝኖላቸው ነበር። ሲወርዱ ግን በሁለት ምርኩዝ፣ በትንንሽ እርምጃ፣ አንዴም ሳያዳልጣቸው ከእኛ እኩል ደረሱ።

ስለዚህ ከመውረዳችሁ በፊት የጫማችሁን ማሰሪያ አጥብቁ። ካልሆነ እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ የአውራ ጣታችሁ ጥፍር ይጠቁራል። ጥፍሩንም ቤት ሳላችሁ ቁረጡት። እርምጃ አሳጥሩ፤ ጉልበታችሁን ትንሽ እጠፍ አድርጉት። ስትፈሩ ወደ ኋላ አትለጠጡ፣ እግር የሚከዳው ያኔ ነው። ምርኩዝ የሽማግሌ ነው የምትሉ ወጣቶች ደግሞ ተዉ፤ ከጉልበት ላይ ሸክም ይቀንሳል። ለቁልቁለት ረዘም አድርጉት። የመመለሻ ሰዓታችሁንም ታች ሳላችሁ ወስኑ። ሰዓቱ ሲደርስ አናቱ ቅርብ ቢመስልም ትመለሳላችሁ። (ቅርብ ይመስላል እንጂ አይደለም። ከጫካ እንደወጣችሁ የምታዩት ጉብታ ብዙ ጊዜ አናቱ አይደለም፤ ከኋላው ሌላ አለ።) ሜዳው ላይ ገና ብርሃን ሳለ ጫካ ውስጥ ቀድሞ እንደሚጨልም አትርሱ። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ በቀን ጉዞም ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

«ኔትወርክ ከሌለ ስልክ ዋጋ የለውም።» ጂፒኤስ የሚሠራው በሳተላይት ነው፤ ኔትወርክ አይፈልግም። ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ። ስልኩ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪ ስለሚጨርስ ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት። ብርድም ባትሪ ይበላልና የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዙት።

«ከጠፋን ወንዝ ተከትለን እንወርዳለን።» ወንዙ በገደል ቢወርድ አብራችሁት ልትወርዱ ነው? የመጣችሁበትን መንገድ ለይታችሁ መመለስ ካልቻላችሁ ባላችሁበት ቆዩ፤ ልብስ ደርቡ፤ ፊሽካ ንፉ።

«ጸጥ ያለ ተራራ ነው፣ ሰው እንኳን አይበዛበትም፤ ምን ይመጣል?» ጸጥታው ደስ ይላል፤ እኔም የምመርጠው እንዲህ ያለውን ነው። ግን እግራችሁ ቢዞር አልፎ የሚያገኛችሁ ሰው የለም ማለት ነው። «ተራራ ልወጣ ነው» ብሎ መልእክት መላክ ደግሞ አይበቃም። የቱን ተራራ? በየት በኩል? በስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ? እስከ ስንት ሰዓት ካልደወላችሁ ነው ፍለጋ የሚወጣው? ይህን ሁሉ ለአንድ ሰው ንገሩ። ስትመለሱም ደውሉለት። እናንተ ቤታችሁ ተኝታችሁ እኛ ሌሊቱን ጫካ ውስጥ ስማችሁን እየጠራን እንዳናድር፤ ደርሶብን ያውቃል።